ቤት ሲመረጥ መንገዱም ይመረጣል

በአዲስ አበባ መሃል ከተማ የቤት ኪራይ ሲንር ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዳር ይወጣሉ። አያት፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በብዛት የሚጠቀሱ ሰፈሮች ናቸው። ኪራዩ ብቻ እየታየ የተመረጠ ቤት ግን በትራንስፖርት ወጪና በድካም ሊወደድ ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው የሥራ ቦታው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ጀሞ የታክሲ መስመር አለው፤ አያት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መነሻ ነው። ባቡሩ ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በመለዋወጫ እጥረት በርካታ ባቡሮች ስለቆሙ ግን ጠዋት ላይ መጨናነቅና ወረፋ አለ። ከየካ አባዶ የሚነሳ ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ መገናኛ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል። እያንዳንዱ ቅያሪ ሌላ ሂሳብና ሌላ ሰልፍ ነው።

ቀጥሎ ውኃ ይጠየቃል። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላይኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያም በእግር የሚደረስባቸው መሆናቸው ይጣራ።

ከአዲስ አበባ አስተዳደር ውጭ ቤት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቦታው በማን ሥር እንደሆነ ይወቅ፤ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የመታወቂያና የይዞታ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያው ነው።

ውል ከመፈረም በፊት በሥራ ቀን ጠዋት ከሰፈሩ ተነስቶ ሥራ ቦታ ድረስ መሄድ፣ ማታም በዚያው መንገድ መመለስ ይገባል። ኪራይ የሚወዳደረው የትራንስፖርቱ ሂሳብ ከተደመረበት በኋላ ነው።