ምግብ እንቢ ያሉት ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጎንደር ገጠር በእግር ወጥተው ሱዳን የደረሱ፣ ከዚያም በአውሮፕላን እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ኋላ ትተዋል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ረሃቡንም በረሃውንም አልፈው፣ ማዕድ በሞላበት አገር መብላት አቆሙ።

ለሕመሙ የተሰጠው ስም አኖሬክሲያ ነበር፤ መቅጠን የሚሹ ወጣቶች ራሳቸውን የሚያስርቡበት የአእምሮ ሕመም። ስሙ ግን ከልጆቹ ጋር አልገጥም አለ። የመቅጠን ምኞት አልነበራቸውም። ታዲያ ምን ነካቸው?

ጋዲ ቤንኤዘር የተባለ ሳይኮሎጂስት የሕመሙን ስም ትቶ የልጆቹን አነጋገር ተከተለ። ወሬያቸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሆድ ላይ ይወድቅ ነበር። የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ሆድ ይብሳል፣ ይባባል፣ ነገር ይይዛል፤ ችግር የሞላው ሆድ ደግሞ ለእህል ቦታ የለውም። ቤንኤዘር በ1990 ያወጣው ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ አኖሬክሲያ ነው ወይስ የኢትዮጵያውያን ችግርን የመቋቋሚያ መንገድ?

ይሁንና ሆዱን የሞላው ምን ነበር?

አስተናጋጁ አገር የሚያስበው ስለ አዲሱ ኑሮ፣ ስለ ቋንቋና ትምህርት ነበር። ልጆቹ መናገር የሚሹት ግን ስለ መንገዱ ነበር። በጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቤንኤዘር 45 ወጣቶችን ታሪካቸውን እንደፈለጉ እንዲተርኩለት ጠየቀ። ተረኩለት። አንዳንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ትረካው ይሰበር ነበር። ረጅም ዝምታ ይመጣል። ድምፅ ይለወጣል፤ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነሣል፤ እጅግ አስፈሪው ነገር በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ይመስል በደረቁ ይነገራል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎደሎ መረጃ ብሎ ባለፈው ነበር። ቤንኤዘር ግን የቁስሉ ሥፍራ እዚያው ትረካው በተሰበረበት እንደሆነ ተረዳ፤ እንዲህ ያሉ 13 ምልክቶችንም ለየ።

ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ግን ገና ይቀር ነበር። በ2002 በታተመው መጽሐፉ ከትረካዎቹ የወጡት ክሮች ሦስት ነበሩ፦ አይሁድነት፣ መከራና ጀግንነት። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው፣ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የወሰደው የሙሴ ዘመቻ በዓለም ፊት የሚተረከው የማዳን ታሪክ ሆኖ ነበር፤ ጀግኖቹ አብራሪዎችና የስለላ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ ተሸክመው ያመጧቸው ምስኪኖች። ወጣቶቹ የተረኩት ሌላ ነበር። ከሽፍታ ያመለጡት፣ በጨለማ የተጓዙት፣ በመጠለያው ሞትን የተቋቋሙት ራሳቸው ነበሩ። በእነርሱ አተራረክ ከኢትዮጵያ ያወጣቸው የገዛ እግራቸው ነበር።