በሁለት ቋንቋ መካከል የኖሩት የባግዳድ ልጅ

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአስተርጓሚነት እንጀራውን ሊበላ ይችላል፤ ቋንቋዎቹ የተጣሉ ሕዝቦች ቋንቋዎች በሆኑ ጊዜ ግን ዕውቀቱ ራሱ ያስጠረጥረዋል። ፕሮፌሰር ሳሶን ሶሜኽ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ዐይነት ኑሮ ነው።

የተወለዱት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1933 ዓ. ም. በባግዳድ ከአይሁድ ወገን ነው። በዚያ ዘመን አይሁድ ከከተማይቱ ታላላቅ ነጋዴዎች መካከል ስለ ነበሩ፥ በቅዳሜ ቀን ሱቃቸውን ሲዘጉ ገበያው ይቀዘቅዝ ነበር። የቤታቸው ቋንቋ ዐረብኛ፥ የጸሎታቸው ዕብራይስጥ ነበረ። ሶሜኽም ግጥም መጻፍ የጀመሩት በዐረብኛ ሲሆን፥ ገና በወጣትነታቸው በባግዳድ ጋዜጦች ታትሞላቸዋል።

በ1950 የኢራቅ መንግሥት አይሁድ ዜግነታቸውን ትተው እንዲወጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በተከታዩ ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ ለመውጣት የተመዘገቡት ሰዎች ንብረት እንዲታገድ ታዘዘ፤ ሱቁም ቤቱም በባንክ የተቀመጠውም ገንዘብ ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ወደ 120 ሺሕ የሚሆን ሕዝብ በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ተሻገረ። ሶሜኽም በ1951 የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ሄዱ።

በአዲሱ አገር ዐረብኛ የጠላት ቋንቋ ይባል ነበርና ብዙ ወጣቶች በመንገድ ላይ ሊናገሩት ያፍሩ ነበር። እሳቸው ዕብራይስጡን እንደ አዲስ ተምረው፥ ኋላ በዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ እስከ መሥራት ደረሱ፤ የዐረብ ባለቅኔዎችንም ግጥሞች ወደዚያ ቋንቋ መለሱ። ዐረብኛውን ግን አልጣሉም። በኦክስፎርድ ስለ ግብጻዊው ደራሲ ስለ ናጂብ ማሕፉዝ ልብ ወለዶች ጽፈው በ1968 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1973፥ ግብጽና እስራኤል በተዋጉበት ዓመት ነው። ማሕፉዝ የኖቤልን ሽልማት ያገኙት ከዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከ1979ኙ የሰላም ውል በኋላ ሁለቱ ሰዎች በካይሮ ተገናኙ፤ ወዳጅነታቸውም ጸና። በ1990ዎቹ ዓመታት ሶሜኽ በካይሮ የእስራኤልን የትምህርት ማእከል አስተዳደሩ። ይሁን እንጂ ከግብጽ ጸሓፊዎች ብዙዎቹ ወደዚያ ቤት እግራቸውን አያነሡም ነበር።

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የዐረብኛን ሥነ ጽሑፍ ለብዙ ዓመት አስተማሩ፤ በ2005 የእስራኤል ሽልማት ተሰጣቸው። የልጅነት ታሪካቸውን ያሳተሙት በዕብራይስጥ ነው። በዐረብኛ የተኖረ ልጅነት በሌላ ቋንቋ ሲነገር አንድ ነገር ሳይጎድልበት አይቀርም፤ የትርጉም ሥራ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ባግዳድን ዳግመኛ ሳያዩ በነሐሴ ወር 2019 ዐረፉ።