ዳገት የሚያጋልጠው ፍሬን

ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የወረደ ፒክአፕ ታች ሲደርስ የፊት ጎማዎቹ ቢያቃጥሉ ምንም አይደንቅም። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና የ500 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ ከቀረው አብዛኛውን የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው። ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ፍሬን ሥራውን የሠራ ፍሬን ነው።

መጠርጠር ያለበት ዳገት ወጥቶ የጋለው ነው። ሽቅብ ሲነዳ ፍሬን የሚረገጠው ከስንት አንዴ ነው። እላይ ተደርሶ አንደኛው የፊት ጎማ እሳት ከሆነ፣ ሌላኛው ደግሞ ለብ ካለ፣ ያ ፍሬን ሳይረገጥ ይዟል ማለት ነው። ለዚህ ፈተና ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የተመቸ ነው። የመገናኛና የኮተቤ መንገድ ግን ቆም ሄድ ስለሚበዛበት ደህናውንም ፍሬን በሽተኛ ያስመስለዋል። ዲስኩን በእጅ መንካት አያስፈልግም፤ መዳፍን ቸርኬው አጠገብ አድርጎ ግራና ቀኙን ማወዳደር ይበቃል። ከርቀት የሚለካ የጋራዥ ቴርሞሜትር ያለው ደግሞ ተገላገለ። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ግን አይሆንም፤ ልኩ የሰው ገላ ሙቀት ላይ ያበቃል።

ሌሎቹን ምልክቶች ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል፦ መኪናው ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ ሲሆን ቶሎ ይቆማል፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ከዚያ ጋራዥ ይገባል፤ ሸራ ይቀየራል፣ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሽታ ይመለሳል። የሸራው ማለቅ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። መጠየቅ ያለበት ፍሬኑ ለምን አልለቀቀም የሚለው ነው።

የኋላውን የታምቡር ፍሬን የሚመልሱት ሞላዎች ናቸው። የፊቱ ዲስክ ፍሬን ግን እንዲህ ያለ መላሽ ሞላ የለውም። ካሊፐሩ ውስጥ ፒስተኑን የከበበች አንዲት የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏት፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ትለመጣለች፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑን ይዛው ትመለሳለች። የምትመልሰው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ያቺ ጥቂት ክፍተት ግን መኪናውን ነጻ ታወጣዋለች። ጎሚኒዋ ከደረቀች፣ ወይም የአቧራ መከላከያው ተቀዶ የክረምት ጭቃ ገብቶ ፒስተኑ ከዛገ፣ መመለስ ይቀራል። ባለ ፎር ዊሉ ሃይሉክስ ባብዛኛው ፊት ለፊት የተያዩ አራት ፒስተኖች ስላሉት አንዱ ብቻ ሊጣበቅ ይችላል፤ ከአራቱ አንዱ ሸራ ለብቻው ሰያፍ ተበልቶ ይገኛል። እንደ አይሱዙ ዲማክስ ያለው ደግሞ ካሊፐሩ በሁለት ዘንጎች ላይ የሚንሸራተት ነው፤ ዘንጎቹ ግራሳቸው ሲደርቅ የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪው ይተርፋል።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። የኋላ ጎማ ላይ ታኮ ተደርጎ የፊቱ በክሪክ ይነሳል፤ ከክሪኩ በተጨማሪ ጠንካራ ድጋፍ ይግባለት። ፔዳሉ ተረግጦ ይለቀቃል፣ ጎማው በእጅ ይዞራል። አልዞር ካለ ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ይላላል። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ፣ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ካሊፐሩ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ከበላዩ ነው። ብሎኑ ላልቶም ጎማው ካልዞረ ግን ነገሩ እዚያው ነው፦ ፒስተን፣ ዘንግ ወይም ቦታው ላይ የተቀረቀረ ሸራ።

ግፊት ታፍኖ ከተገኘ ፔዳሉ እንደገና ተረግጦ የጎማ ቱቦው ከብረቱ ቧንቧ የሚጋጠምበት ላይ ይላላል። እዚህ ከተለቀቀ አፋኙ ከላይ ነው። እዚህ ሳይለቀቅ ካሊፐሩ ብሎን ላይ ብቻ ከተለቀቀ የታፈነው ቱቦው ውስጥ ነው። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ የእግር ጉልበት ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፣ ለመመለስ ግን ገፊ የለውም። ብዙ ጤነኛ ካሊፐር ያለ ጥፋቱ የሚወረወረው በዚህ ቱቦ ምክንያት ይመስለኛል።

ግራና ቀኙ እኩል ከያዙ ወደ ፍሬን ማስተሩ መሄድ ነው። በቅርቡ ማስተር ወይም የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮ ከተቀየረ የሰርቮው ዘንግ ረዝሞ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ጠባብ ቀዳዳ ዘግቷት ሊሆን ይችላል። ማስተሩን የያዙት ብሎኖች ላልተው ወደ ፊት ሳብ ሲደረግ ጎማዎቹ ከተለቀቁ ተገኘ። ማጠራቀሚያው ውስጥ በስህተት የሞተር ዘይት ከተጨመረ ደግሞ ጎሚኒው ሁሉ ያብጣል፤ ያኔ ወጪው ብዙ ነው።

የማይዝ ሆኖ የሚግል ፍሬንም አለ። ጭነት ለማስቻል ከኋላ ባልስትራ የተጨመረበት ፒክአፕ ወገቡ ከፍ ይላል። የኋላውን ፍሬን በጭነቱ ልክ የሚመጥነው ቫልቭ የሚያነበው ይህንኑ ከፍታ ስለሆነ መኪናው ባዶ ይመስለዋል፤ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ሸክሙ ይበልጥ ፊት ላይ ይወድቃል።

ከፍታው ራሱም እጅ አለበት። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ 70 በመቶ ገደማ ነው። ሰርቮ ደግሞ የሚያግዘው በዚሁ ግፊት ነው፤ ስለዚህ እላይ ፔዳሉ ይከብዳል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል፤ የእንጦጦ ስስ አየር ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ከሸራ መቀየር ይበልጣል ባይ ነኝ። የጋለ ዲስክ ላይ ሃይላንድ ውሃ ማፍሰስም ይቅር፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ አልፎም ይሰነጠቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች ማቆየት ግድ ሆኗል፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ መለዋወጫ በርካሽ አይገኝም። እና መካኒኩ ሸራና ካሊፐር ግዛ ሲልዎት ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የአየር ማስወጫው ብሎን ሲላላ ጎማው ዞረ ወይስ አልዞረም?