532፦ የባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ትልቁ ዐውድ 532 ዓመት ነው፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ይህ ዘመን ሲሞላ የሳምንቱ ዕለት፣ ዘመነ ወንጌላዊውና የጨረቃ ሌሊት አንድ ላይ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። በጣና ላይ በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ሆነ በአጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የሚጾሙትና ፋሲካ የሚያከብሩት በዚሁ ቀመር ነው።

ቁጥሩ ሲተነተን 2×2×7×19 ነው። አራቱ የወንጌላውያን ዘመን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ሰባቱ ሳምንት ነው። 19 ደግሞ ንዑስ ቀመር ይባላል፤ በ19 ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የጨረቃ ስሌት ቁጥሮች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ የሚገጥማቸው ትንሹ ቁጥር ብዜታቸው ራሱ ነው፤ ከ532 በታች ሌላ አይገኝም።

በመካከል 76 አለ፤ 4×19 ነውና ማዕከላዊ ቀመር ይባላል። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ጨረቃውና ወንጌላዊው ቢገጥሙም ዕለቱ በአራት ይዛነፋል ማለት ነው። 4 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዕለቱ የሚመለሰው ዙሩ ሰባት ጊዜ ሲደገም ብቻ ነው። ያን ጊዜ 194,313 ቀን ይሞላል፤ ይህም 3×7×19×487 ነው፤ 27,759 ሙሉ ሳምንት። የ76 ዓመት ቀናት ብዛት የ532 ዓመት ሳምንታት ብዛት ሆኖ መገኘቱ ከ7×76 ብቻ የሚወጣ ቢሆንም ያስደንቃል።

2018 ዓ.ም. ለምሳሌ ይሁን። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል፤ ዓመቱ በ1949 ዓ.ም. የጀመረው የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው። 70 ከ76 ያንሳልና በቀጥታ ለ19 ይካፈላል፤ 13 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12×11=132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ 12×19=228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕም ምንጊዜም ድምራቸው 30 ነው። የመጥቅዑ ዕለት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ (ተደማሪ ቁጥር) 7 ስለሆነ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከ69 ቀን በኋላም ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከ532 ዓመት በፊት፣ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት በ1486 ዓ.ም.፣ ፋሲካ የዋለው በዚሁ ዕለት ነው፤ በ2550ም ይደገማል። በ1923ም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ95 ዓመት (5×19) ብዙ ጊዜ ዕለቱም ይገጥማል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ቁጥሩ ከቀመሩ ውጭም መልክ አለው። ጠጠር በባለ አምስት ማዕዘን ሲደረደር 1፣ 5፣ 12፣ 22 እያለ ያድጋል፤ 19ኛው ቅርጽ 532 ጠጠር ይወስዳል። የፀሐይ ዐውድ የሆነው 28 ደግሞ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን ይሰጣል፤ ሒሳብ እንዲህ ያለውን ፍጹም ቁጥር ይለዋል።

ፍጹምነቱ ግን የስሌቱ ነው፤ የሰማይዋን ጨረቃ አያስርም። 19 ዓመት 6,939.75 ቀን ሲሆን 235 የጨረቃ ወራት 6,939.69 ቀን ገደማ ናቸው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በአንድ ዐቢይ ቀመር ወደ 2 ቀን ይጠጋል፤ የሰማይዋ ጨረቃም በየዐቢይ ቀመሩ ከስሌቱ በዚያው መጠን ትቀድማለች።