የውድድር ፖከር ሙያና የዕድል ስሌት

ከገራዶ እስከ ኮምቦልቻ ኮንከር የማይችል ወጣት ቢፈለግ ብዙ የሚገኝ አይመስለንም። ካርታን የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ ሳይሆን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች በሌላው ዓለም መኖራቸው ሲነገር ግን አድማጩ ለሁለት ይከፈላል። ከፊሉ «ዕድለኞች ናቸው» ሲል ከፊሉ «ሊቆች ናቸው» ይላል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ጥያቄውን በሌላ መልክ ማቅረብ እንወዳለን፤ ይኸውም ችሎታ በእርግጥ ካለ፣ ከዕድል ተለይቶ እስኪታይ ድረስ ስንት ጊዜ መጫወት ያስፈልጋል የሚል ነው።

ነገሩ ከሙያችን ያን ያህል የራቀ አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቲዎሬቲካል ፊዚክስ ዶክትሬቱን ያገኘው ማይክል ቢንገር እ.ኤ.አ. በ2006 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ግጥሚያ 10,000 ዶላር መግቢያ ከከፈሉ 8,773 ተወዳዳሪዎች መካከል ሦስተኛ ወጥቶ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸልሟል። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስንና አስትሮፊዚክስን ያጠናችው ሊቭ ቦሪም እ.ኤ.አ. በ2010 በጣሊያን ሳን ሬሞ አሸንፋ 1,250,000 ዩሮ ወስዳለች።

ጨዋታውን ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይይዛል፤ አምስት ካርታዎች ደግሞ ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋሉ። ሁለቱ የድብቅ ካርታዎች በ1,326 ዓይነት መንገድ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ሁለት አስ የመያዝ ዕድል ከ221 አንድ ነው። ካርታው በረጅም ጊዜ ለሁሉም እኩል ስለሚደርስ ችሎታ የሚገለጠው መቼ መጨመር፣ መቼ መጣል፣ መቼስ ባዶ እጅን የሞላ ማስመሰል እንደሚገባ በማወቅ ነው። በውድድር ፖከር ተጫዋቹ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በገንዘብ የማይመነዘር ጠጠር ይቀበላል፤ ጠጠሩ ያለቀበት ይሰናበታል። አብዛኛው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የሽልማቱም ትልቁ ክፍል መጨረሻ ላይ ለሚቀሩት ጥቂቶች ይሆናል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ነገሩን ለማቅለል 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ከፍለው አሸናፊው 100,000ውን ብር ጠቅልሎ የሚወስድበትን ውድድር እናስብ። ተራው ተጫዋች የማሸነፍ ዕድሉ 1 በመቶ ነው። ጎበዙ ከእርሱ በሠላሳ በመቶ ይሻል እንበል፤ ዕድሉ 1.3 በመቶ ይሆናል። ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም። አማካይ ትርፉም በአንድ ውድድር 300 ብር ነው። የውጤቱ መደበኛ ልይይት ግን 11,300 ብር ገደማ ነው! ተማሪዎቻችን እንደሚያስታውሱት አማካይ ትርፍ በውድድሮቹ ቁጥር ልክ ሲያድግ፣ መዋዠቁ የሚያድገው በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ትርፉ ዘግይቶም ቢሆን መዋዠቁን ይደርስበታል። መቼ ቢባል፣ ከ1,426 ውድድሮች በኋላ። በሳምንት አራት ጊዜ ለሚጫወት ሰው ይህ ወደ ሰባት ዓመት ይጠጋል። አዘጋጁ በየውድድሩ 100 ብር አገልግሎት ቢያስከፍል ደግሞ ትርፉ ወደ 200 ብር ይወርድና ዘመኑ ከ15 ዓመት በላይ ይሆናል። በእውነተኛ ውድድሮች ሽልማቱ ለበርካታ ሰዎች ስለሚከፋፈል መዋዠቁ ከዚህ ይለዝባል፤ የነገሩ ጠባይ ግን አይለወጥም።

ሌላም አለ። ጎበዙ ተጫዋች በ100 ውድድሮች አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ የመቅረት ዕድሉ 27 በመቶ ነው፤ የተራው ደግሞ 37 በመቶ። የገራዶ ገበሬ የአንድ ክረምት ምርት አይቶ ስለ መሬቱ ለምነት አይፈርድም፤ የፖከርም ክረምት እጅግ ረጅም ነው።

በአንጻሩ ምንም ብልጫ የሌላቸው 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ውድድር ቢጫወቱ፣ 18 ያህሉ በዕድል ብቻ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ያሸንፋሉ። ጋዜጠኛ ሄዶ የሚያነጋግረው እነዚህን 18 ሰዎች ነው። የአሸናፊነታቸውን ምስጢር ቢጠየቁ የሚናገሩት አያጡም፤ ዋሽተዋል ማለትም አይቻልም።

እንግዲህ ሙያተኛው እንዴት ይኖራል? አንደኛው ዘዴ ለረጅም የኪሳራ ዘመን የሚበቃ ገንዘብ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው እኛ በቅርጫ የምናውቀው ነው፤ አንዱ ሰው የበሬውን ዋጋ ብቻውን እንደማይሸከም ሁሉ፣ ተጫዋቹ የመግቢያውን ዋጋ ከሌሎች ጋር ተካፍሎ ሽልማቱንም ያካፍላል። እኩል ችሎታ ያላቸው አሥር ተጫዋቾች ውጤታቸውን እኩል ቢካፈሉ አማካይ ትርፋቸው ሳይቀንስ የእያንዳንዳቸው መዋዠቅ በ3.16 እጥፍ ያንሳል። አንድን መጠን አሥር ጊዜ ለክተን አማካዩን ስንወስድ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ስቱ ኡንጋር የዓለምን ዋና ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1997 ያሸነፈ ድንቅ ተጫዋች ነበር። ለሦስተኛው ድል መግቢያውን 10,000 ዶላር የከፈለለት ቢሊ ባክስተር ስለነበረ የአንድ ሚሊዮኑ ሽልማት ግማሽ ለባክስተር ሆነ። ኡንጋር ግን ድርሻውን ይዞ መቆየት አልቻለም፤ በአደንዛዥ ዕፅ ተጎድቶ በቀጣዩ ዓመት በላስ ቬጋስ አንድ ርካሽ ማረፊያ ውስጥ ሲሞት ገንዘቡ አልቆ ነበር።

ዕድልን ከችሎታ ለመለየት ከተደረጉት ሙከራዎች ለእኛ ውብ የሚመስለን የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ያካሄደው ነው። ሊብራተስ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአራት ሙያተኞች ጋር አንድ ለአንድ በ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫወተ። ተመራማሪዎቹ ግን በቁጥሩ ብዛት ብቻ አልተማመኑም፤ በአንድ ጠረጴዛ ለሰው የደረሰው ካርታ በሌላው ጠረጴዛ ለማሽኑ እንዲደርስ አደረጉ። ስለዚህ ማንም «ካርታ አልሰጥ አለኝ» ብሎ ማማረር አይችልም ነበር። ማሽኑ በግልጽ አሸነፈ።

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በከተሞቻችን ሲበራከቱ ያየናቸው የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከፖከር በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ተጋጣሚው ሌላ ተጫዋች ሳይሆን ዋጋውን የሚያወጣው ቤቱ ራሱ ነው። ለምሳሌ እኩል ዕድል ላለው ውጤት ቤቱ 1.85 እጥፍ ቢከፍል፣ 100 ብር ያስያዘ ሰው በአማካይ 7.50 ብር ይከስራል። መቶ ጊዜ ከተወራረዱ መቶ ሰዎች መካከል ግን 18 ያህሉ አሁንም አትራፊዎች ናቸው፤ ጓደኞቻቸውን የሚጋብዙትም እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ ሺህ ጊዜ ከተወራረደ አትራፊ ሆነው የሚቀሩት ከሺህ ሰዎች አምስቱ ብቻ ናቸው።