የሚለጠፍ ማደንዘዣ



ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትጓዙ መኪናው ተገለበጠ እንበል። ቁስሉ ደረቀ፤ ትከሻችሁ ግን ማመሙን አልተወም። በዚህ ጊዜ ሐኪም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ማደንዘዣ ሊያዝላችሁ ይችላል። መድኃኒቱ ሊዶኬይን ይባላል። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ የሚሰጠውም እሱ ነው። የሚያደነዝዘው የተለጠፈበትን ቦታ ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ቢልክላችሁም ለሐኪም ሳታሳዩ አትለጥፉት። ሐኪሙ ያለው ካልገባችሁ በኦሮምኛ እንዲደግምላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

አሁን ማሸጊያውን አንሡ። ፊደሉ የባዕድ ቢሆንም ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ከ24 ሰዓት ውስጥ የሚለጠፈው ለ12 ሰዓት ብቻ ነው። ልብ በሉ! ይህ ማታ 12 ሰዓት ማለት አይደለም፤ የቆይታው ርዝመት ነው። ማታ 2 ሰዓት የለጠፈ ሰው ጧት 2 ሰዓት ያነሣዋል። ከዚያ እስከ ማታ ቆዳው ይረፍ።

ክፍት ቁስል ላይ አይለጠፍም። በላዩም ትኩስ ነገር አታድርጉ፤ ሙቀት መድኃኒቱን ከመጠን በላይ ወደ ሰውነት ያስገባዋል። ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ጆሯችሁ ከጮኸ ወይም አፋችሁ ከደነዘዘ፣ አንሡትና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሕመሙ ጠፋ ማለት አጥንቱ ዳነ ማለት አይደለም። ደንዝዞልኛል ብላችሁ ሸክም ብታነሡ፣ የተሰነጠቀው አጥንት ይብስበታል። ወጌሻ ከመንካቱ በፊት ራጅ ተነሡ።

የተነሣውን ልጣፍ በየሜዳው አትጣሉ። መድኃኒቱ ገና አላለቀም፤ ሕፃን ቢያላምጠው ለሕይወቱ ያሰጋዋል። የሚጣበቀውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፉና ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ጣሉት።