ጤዛዋ የደረቀባትን ተክል ማዳን

ድሮሴራ (የፀሐይ ጤዛ) በቅጠሏ ላይ በሚያብረቀርቅ ሙጫ ነፍሳትን አጥምዳ የምትመገብ ተክል ናት። ዳርዊን በ1875 (እ.ኤ.አ.) ስለ ነፍሳት በል ተክሎች ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊውን ቦታ የሰጠው ለእርሷ ነው።

ስትጎሳቆል ሙጫዋ ይደርቃል፣ ቅጠሏ ይጠቁራል። ይህን ያየ ደግ ሰው ማዳበሪያ ይጨምርላታል፣ ማዕድን የበዛበት የቧንቧ ውሃ ያጠጣታል። ሁለቱም ቀስ በቀስ ይገድሏታል! ለምን ቢሉ፣ የለመደችው ንጥረ ነገር ያጠረው ረግረጋማ አፈር ስለሆነ ሥሯ ጨው አይችልም፤ ነፍሳት የምታጠምደውም ለዚሁ ነው።

መድኃኒቱ ይህ ነው፦ የሞተውን ቅጠል መቁረጥ፣ አፈሯን ማዳበሪያ በሌለው ፒት ሞስና በታጠበ አሸዋ መለወጥ፣ መትከያዋን የዝናብ ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ማስቀመጥ፣ ብርሃኑን ቀስ በቀስ መጨመር። የደቡብ አፍሪካዋ የኬፕ ድሮሴራ ላይዋ ሞቶ እንኳ ከሥሯ ልታቆጠቁጥ ትችላለች።

ከሩቅ ሆነን ለመርዳት ለምንቻኮል ሁሉ፣ ከችሮታ በፊት የተረጂውን ጠባይ ማወቅ ይቀድማል።